የላራ ክሮፍት ቦርሳ

ለመሆኑ ላራ ክሮፍት ማን ናት? ሥጋና ደም የላትም። እ.ኤ.አ. በ1996 ደርቢ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ፣ የኮር ዲዛይን ኩባንያ ባለሙያዎች በኮምፒውተር የቀረጿት የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ ናት። የጨዋታው ስም «ቱም ሬይደር» ነው፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «መቃብር ዘራፊ» ማለት ነው።

ዝናዋ ጊዜ አልፈጀም። በዓመቱ «ዘ ፌስ» በተባለው የለንደን መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣች፤ በ2001 አንጀሊና ጆሊ በፊልም ተወነቻት፤ ደርቢም በ2010 አንድ ጎዳና በስሟ ሰየመች። ስለ እርሷ የሚጻፈው አብዛኛው ግን በአንድ ክርክር ላይ ያጠነጥናል፦ ላራ ሴቶችን ያኮራች ጀግና ናት ወይስ ለወንዶች ዓይን የተሠራች አሻንጉሊት? ክርክሩ ተገቢ ነው። ወንድ መጥቶ እስኪያድናት የማትጠብቅ ሴት በጨዋታው ዓለም ብርቅ ነበረች፤ ማስታወቂያው ግን ከብልሃቷ ይልቅ ደረቷን ሸጠ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ስለ ገላዋ ይህን ያህል ሲባል፣ በጀርባዋ ስላዘለችው ቦርሳ የጠየቀ ጥቂት ነው። በ1997ቱ ሁለተኛ ክፍል ላራ ከቻይና ያገኘችውን ጥንታዊ ጩቤ ይዛ እንግሊዝ ወደሚገኘው የተንጣለለ መኖሪያዋ ትመለሳለች። ጩቤውን ሊነጥቁ የመጡ ወሮበሎች ቤቷን ይወራሉ፤ ተጫዋቹም እነርሱን በጥይት እየጣለ «ንብረቷን» ያስከብራል። እንግዲህ ሌባው የትኛው ነው? «የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ» ይሏል ይህ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጭኖ የወሰደው ንዋየ ቅድሳትና ብራና ብዙው ዛሬም እዚያው እንግሊዝ ነውና፣ ለእኛ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ጨዋታው ራሱ ጥያቄውን በግልጽ ያነሣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ሻዶው ኦቭ ዘ ቱም ሬይደር» ላራ ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ጩቤ ከቦታው ስታነሣ የባሕር ማዕበል ተነሥቶ የሰው መኖሪያ ይጠርጋል። የእጇን ሥራ በዓይኗ ታያለች፤ ትጸጸታለችም። እኔ ይህን ትዕይንት ከዝላይዋም ከሽጉጦቿም አስበልጠዋለሁ። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን ያበላሸችው እርሷ፣ አዳኟም እርሷ ሆነች፤ ባለንብረቶቹ አጃቢ ሆነው ቀሩ።

የተወሰደን ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ዋና ጉዞው የሆነ ክፍል የተሠራ ዕለት፣ ስለ ጀግንነቷ ከማንም ጋር አልከራከርም።