ግዙፉን ቡችላ ማዘግየት

ሴንት በርናርድ ሲወለድ አንድ ኪሎ አይሞላም። ዓመት ሲሆነው ግን ብዙ ሰው በክብደት አይስተካከለውም፤ ሲጠና ወንዱ 80 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ቡችላ ሊወስድ የመጣ ሰው «ምን ባበላው ቶሎ ይገዝፋል?» ሲል ነባር አርቢ ፊቱን የሚያጨፈግገው ወዶ አይደለም። እሱ ወራቱን የሚያሳልፈው ይህን ዕድገት በማዘግየት ነው።

አጥንቱ ሳይጠነክር ሰውነቱ ከከበደ የዳሌውና የክርኑ መገጣጠሚያ ይጎዳል። «ለአጥንቱ ይጠቅመዋል» ተብሎ የሚጨመር ካልሲየምም ጠንቅ ነው፤ የለጋ ቡችላ አንጀት ትርፉን መግታት ስለማይችል አጥንቱ ተዛብቶ ያድጋል። ስለዚህ አርቢው ለግዙፍ ዝርያ የተዘጋጀ ምግብ በልክ ይሰጣል፤ በየጊዜው ይመዝናል፤ ጎኑንም ይዳስሳል። የጎድን አጥንቱ ለእጅ ካልተገኘ ምግቡ ይቀነሳል። ደረጃ መውረድና ከመኪና መዝለል እስኪጠና ይቆያሉ።

ግዝፈቱን ያመጣው ሰው ነው። በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ድንበር፣ 2,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ መነኮሳቱ መንገደኛ ፍለጋ ያሰማሯቸው ውሾች ያን ያህል ትልቅ አልነበሩም። ከ40 በላይ ሰዎች እንዳዳነ የሚነገርለት ባሪ የተባለው ውሻ (እ.ኤ.አ. 1800–1814) ዛሬ በበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቆሞ ይታያል፤ ከአሁኖቹ ዘመዶቹ እጅግ ያንሳል። በኋላ ዝርያው ከኒውፋውንድላንድ ውሻ ጋር ሲዳቀል ረጅም ጸጉር አወጣ፤ በረዶ እየጋገረበት ለሥራው አስቸገረ።

ጠባዩ ገር ነው፤ ሕፃን ጆሮውን ቢጎትተው አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል። ክፋት ባይኖረውም በደስታ ሲዘል ግን አዛውንት ይጥላል። እንግዳን አራት እግሩን መሬት አድርጎ መቀበልን መማር ያለበት ገና 10 ኪሎ ሳለ ነው።

ለሃጩን በፎጣ፣ ሙቀቱን በጥላና በውኃ ይችሉታል። የሚያስፈራው የጨጓራ መጠማዘዝ ነው። ሆዱ ይነፋል፤ ለማስመለስ ይታገላል፤ ምንም አይወጣም። በቀዶ ጥገና ካልደረሱለት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ምግቡን ለሁለት ከፍሎ መስጠት አደጋውን ይቀንሳል፤ አንዳንዶችም ጨጓራውን አስቀድመው ከሆድ ግድግዳ ጋር ያሰፉለታል። ጠንቃቃ አርቢ ቡችላውን ሲያስረክብ ከክትባት ካርዱ ጋር ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክ የሚጨምረው ለዚህ ነው።