«ደስ ይላል» ከተባለ በኋላ

በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በአንድ ወዳጄ ቤት እንሰበሰባለን። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዎች ነን። ማኅበር አይደለንም፤ ሊቀመንበርም ጸሐፊም የለንም። ቡና ይፈላል፣ ቆሎ ይቀርባል፣ ከዚያ ሁሉም በወሩ ውስጥ ስላነበበው መጽሐፍ የተሰማውን ይናገራል። ከመካከላችን ሥነ ጽሑፍን ትምህርቴ ብዬ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የቀሩት የታክሲ ሾፌር፣ ነርስ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የጥልፍ ቀሚስ የሚሸጡ እናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ ናቸው።

መጀመሪያ ስጋበዝ የሄድኩት ላስተምር ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰማኋቸውን አስተያየቶች ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አስፍሬአቸዋለሁ። አንደኛው «ደስ ይላል» የሚል ነው። ሁለተኛው «በአንድ ሌሊት ጨረስኩት»፣ ሦስተኛው «እውነተኛ ታሪክ ነው አሉ»፣ አራተኛው «አስተማሪ ነው»። እነዚህን አራቱን ይዤ የአንባቢያችን ሚዛን ምን ያህል ቀሊል እንደሆነ የሚያሳይ መጣጥፍ ለመጻፍ ተዘጋጅቼ ነበር። መጣጥፉ ሳይጻፍ የቀረው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ምክንያት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልብ ወለድ ከመካከላችን የማያውቀው የለም። ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። የዚያን ዕለት ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደገና አንብበውት መጥተው ኖሮ ቅሬታቸውን አሰሙ። «መጀመሪያው ይንዛዛል» አሉ። «የልጁ እናትና አባት እንዴት እንደተገናኙ፣ እንዴት እንደተጋቡ ያን ያህል ገጽ ምን ያደርግልናል? ታሪኩ የሚጀምረው በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ ነው።» እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ይህንኑ ቃል በቃል ለማለት በሚቀርብ አኳኋን ተማሪ ሳለሁ ጽፌው ነበርና።

የጥልፍ ቀሚስ የሚሸጡት እናት ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔን የያዘኝ ደግሞ እዚያው ላይ ነው» አሉ። «ልጁ ገና ነፍስ ሳያውቅ ለስለት ሰጡት። ስለት የሚገባ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ እኔም ገብቻለሁ። ጨካኝ አይደለም፤ የጨነቀው ነው። እናትየውን እዚያ ላይ ባላውቃት ኖሮ፣ ልጁ ኋላ ሰብለን ሲወድ ያ ሁሉ ፍርሃት ከየት እንደመጣበት እንዴት ይገባኛል? ወኔ የለውም ብዬ እጥለው ነበር።»

በክፍሉ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ አነሣሁ።

ይህ መጽሐፍ ለብዙዎቻችን የተነገረን የአሮጌውና የአዲሱ ሥርዓት ግጭት ተደርጎ ነው። በአንድ ወገን ፊታውራሪ መሸሻ፣ የዘር ኩራታቸውና በገበሬው ላይ የሚጭኑት ግዴታ ይቆማሉ፤ በሌላው ወገን ሁሉንም የሚያይና የሚናገር፣ ስለሚናገርም «ጉዱ» የተባለው ካሣ። ይህ አነባበብ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን በዚህ ዓይን ሲታይ በዛብህ ይደበዝዛል፤ በሁለት ኃይሎች መካከል የተጣለ፣ የሚያለቅስና የሚሸሽ ወጣት ሆኖ ይቀራል። የእኒያን እናት አስተያየት ይዤ ሳነብ ግን ከዚህ በፊት ያላየሁት አንድ ነገር ታየኝ። የሁለቱም ልጆች ዕጣ የተቆረጠው ወላጆች በሰጡት ቃል ነው። የሰብለ ወንጌል አባትና እናት ልጃቸውን በክብር ስም አሰሩ። የበዛብህ ድኾች ወላጆች ደግሞ ልጃቸውን በፍቅርና በእምነት ስም አሰሩ። ባለጸጋው ቤትና ድኻው ቤት በማይገናኝ ምክንያት አንድ ዓይነት ሥራ ሠሩ። ይህ ከሆነ መጽሐፉ ፊታውራሪን ከመክሰስ አልፎ ይሄዳል። ፊታውራሪን ከሥልጣናቸው ብንሽራቸው፣ ግብሩንም ብናስቀርላቸው፣ ስለቱ እንዳለ ይቀራል። ይንዛዛል የተባለው መጀመሪያም የሚሸከመው ይህንን ክብደት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨመርኩ፦ «የቱ ላይ?» ሴትየዋ «ደስ ይላል» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ ምንም አልተማርኩም ነበር። ጣታቸውን ቦታው ላይ አሳረፉ። ሂስ የሚጀምረው እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ የተማረውም ያልተማረውም ዘንድ።

ይህን ስል ግን የተራው አንባቢ አስተያየት ሁሉ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። በሚቀጥለው ወር ተማሪው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ይዞ መጣ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ተከለከለ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ጡረተኛው በዚያ ዘመን በጋዜጣ ተጠቅልሎ እጃቸው እንደገባና በማግስቱ ለባለተራ እንዲመልሱ ተነግሯቸው ሌሊቱን ሙሉ በሻማ እንዳነበቡት አጫወቱን። ለእሳቸው «በአንድ ሌሊት ጨረስኩት» ማለት የጊዜ መግደያ ሳይሆን የፍርሃት ሒሳብ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ በደብተሬ ያሰፈርኩት ሁለተኛው አስተያየት እንደ ድሮው አላሳቀኝም።

ክርክሩ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። እገሌ የተባለው ገጸ ባሕርይ በእውነቱ ማን ነው? ያኛውስ ባለሥልጣን የትኛው ነው? አንድ ሰዓት ሙሉ ስም ስንፈታ ቆየን። ደራሲው ሕይወቱን በከፈለበት መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ጉጉት መኖሩ አያስገርምም። ነገር ግን ስሙ ሁሉ ከተፈታ በኋላ በእጃችን የቀረው ምንድን ነው? «ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል። የዚያን ዘመን ባለሥልጣናት በስምም በመልክም የማያውቅ የባሕር ማዶ ሰው ዛሬ ያነበዋል። የመጽሐፉ ኃይል በስም ፈታው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ሰው ባዶ ወረቀት በሆነበት ነበር።

ከስም ፈታው ያወጣችን ነርሷ ናት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «ሮማንስ?» አለች። «አዲስ አበባ የቀረችው እጮኛውስ? እናንተ ስለ ዘመቻውና ስለ አስመራዋ ፊያሜታ ታወራላችሁ። ስለ ሮማን የምናውቀው እኮ እሱ የነገረንን ብቻ ነው።»

ይህ አስተያየት የተሰነዘረው ከቁጣ ነው፤ የቆመው ግን በመጽሐፉ አሠራር ላይ ነው። ታሪኩን የሚነግረን ጋዜጠኛው ፀጋዬ ራሱ ነው። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ለሕዝብ እንዲያስተዋውቅ ወደ አስመራ የተላከ የፕሮፓጋንዳ ሰው ነው። ቀስ በቀስ ይፋዊውን ቃል መጠርጠር ይጀምራል፤ እኛም አብረነው እንጠረጥራለን። የገዛ ልቡን ወሬ ሲነግረን ግን ሳንጠረጥር እንቀበለዋለን። መንግሥት ስለ ዘመቻው የሚለውን የማያምን አንባቢ፣ ፀጋዬ ስለ ሁለት ሴቶች የሚለውን ስለምን በጭፍን ያምናል? ነርሷ ያነሣችው ጥያቄ ይህ ነው። እኔ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ሳነብ አላነሣሁትም።

እዚያው ላይ ደግሞ ተሳሳተች። «እንዲህ ያለ ሰው የሚያወራውን አልጨርስም» ብላ መጽሐፉን ከግማሽ በላይ አላነበበችውም። ገጸ ባሕርይውን መውቀስ አንድ ነገር ነው፤ ወቀሳውን በደራሲውና በድርሰቱ ላይ መላክ ሌላ። በዓሉ ፀጋዬን እንድንወቅሰው አድርጎ ጽፎት ይሆናል፤ ያንን ለማወቅ ግን እስከ መጨረሻው መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ነገርኳት። አልተቀበለችኝም። እስከ ዛሬም አልተቀበለችኝም።

ሦስተኛው መጽሐፍ ስለ እኔ ነው ብል ይሻላል። ሾፌሩ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ከአዟሪ ገዝቶ ነበር። ተራው ሲደርስ «ሠላሳ ገጽ አንብቤ አስቀመጥኩት» አለ። «ሁሉም ያወራል፤ ማንም የትም አይሄድም።»

እኔ ተነሣሁ። በ1962 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ በአማርኛ ልብ ወለድ አተራረክ አዲስ ምዕራፍ እንደከፈተ፣ ደራሲው ገጸ ባሕርያቱን በንግግራቸው ብቻ እንደቀረጸ፣ ለአንባቢ ሳይሆን ለጥበብ እንደጻፈ አብራራሁ። ሾፌሩ በትሕትና ሰማኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ አደፍርስ ምን ይሆናል?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። ለፈተና ግማሹን አንብቤ፣ የቀረውን ከሰው ማስታወሻ ቀድቼ፣ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በየመድረኩ አመስግኜዋለሁ። መልስ ስፈልግ ፊቴ ላይ የሆነውን ሁሉም አዩ። እትዬ፣ የጥልፍ ቀሚሷ ባለቤት፣ ለእኔ አዝነው ቡና ጨመሩልኝ።

ከዚያ ሰውዬና ከእኔ ማን የተሻለ አንባቢ ነበር? እሱ ሠላሳ ገጽ አንብቦ ስለ ሠላሳ ገጽ ተናገረ። እኔ ያላነበብኩትን አወደስኩ። የመጽሐፍ ምረቃዎቻችንን ያየ ሰው ይህ የእኔ ብቻ ኃጢአት እንዳልሆነ ያውቃል። መድረክ ላይ የሚወጣው ተናጋሪ «ድንቅ ሥራ» ይላል፤ ጭብጨባ ይከተላል፤ «አልጨረስኩትም» የሚል ግን የለም። አንባቢው ይህን ውዳሴ አምኖ ይገዛል፣ ሠላሳ ገጽ ላይ ይቆማል፣ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ዝም ይላል። በደራሲው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከስድብ የባሰ ነው። የተሰደበ መጽሐፍ ቢያንስ ተነቧል።

«አደፍርስ»ን በዚያ ወር ጨረስኩት። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ጥቂት ገጾች ጮክ ብለን እናንብብ። ንግግሮቹን ለተለያዩ ሰዎች አከፋፈልን። እትዬ የሸዋ ሰው ናቸውና የወ/ሮ አሰጋሽን ድርሻ ሰጠናቸው። ሁለት ገጽ ሳይሄዱ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «ይቺንስ አውቃታለሁ! አክስቴ ናት!» አሉ። ሾፌሩም ሳቀ። ለዓይኑ ድርቅ ያለበት ነገር ለጆሮው ሕይወት ዘራ። ዳኛቸው የሚናገረውን ሰው አስተዋውቆን፣ ስሜቱን አስረድቶን አይደለም የሚሄደው፤ ከአነጋገሩ እንድንለየው ይተወናል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በሩጫ አይነበብም። «በአንድ ሌሊት ጨረስኩት» የሚለው ሚዛን የሚመዝነው አንድ ዓይነት ድርሰት ብቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ብዙ ወጣት ወደ መጽሐፍ ያመጣው በዚያ ሚዛን ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው፤ ይህንንም መናቅ አያስፈልግም። ግን የእህልን ሚዛን ለወርቅ፣ የወርቅንም ለእህል መጠቀም ሁለቱንም ያጎድላል።

ሾፌሩ አሁን ግማሹን አልፏል። አንዳንዱ ቦታ ግን አሁንም እንደሚከብደው ይናገራል፤ «አደፍርስ ሲከራከር መጽሐፉ ስብሰባ ይሆንብኛል» ይላል። የቱ ላይ ብዬ ጠየቅሁት። ገጹን ገልጦ አሳየኝ። አነበብኩት። እውነቱን ነው። የወጣቱ ሙግት የመንደሩን ሰዎች እንዲያሰለች ተደርጎ የተጻፈ መሆኑ ይገባኛል፤ አንዳንዴ ግን እኛንም ያሰለቻል። ደራሲው ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን ገና አልተስማማንም። ድሮ ቢሆን ይህን በአደባባይ አልጽፈውም ነበር።

ሐያሲ ከአንባቢ የሚበልጠው ብዙ በማንበቡና የመጽሐፍን አሠራር በማወቁ ነው ይባላል። ይሁን። ነገር ግን ያ ዕውቀት የሚጠቅመው እትዬ ጣታቸውን ያሳረፉበትን ቦታ ይዞ «ለምን እዚህ?» ብሎ ሲቀጥል ነው። ያለ እሳቸው ጣት እኔ የምደጋግመው ከመምህሮቼ የሰማሁትን ነበር። ያለ እኔ ደግሞ የነርሷ ጥያቄ በቁጣ ተጀምሮ በቁጣ ባለቀ ነበር።

ለመጪው ወር የተመረጠው የበዓሉ «ከአድማስ ባሻገር» ነው። ሁለት ጊዜ እንዳነበብኩት አስታውሳለሁ። ቢሆንም ትናንት ከመደርደሪያ አውርጄ ከመጀመሪያው ጀምሬዋለሁ፤ ሾፌሩ ይጠይቀኛል።