በፍሬምና በፍሬም መካከል፦ የ«ታይም» አንባቢዎችና ጥበቃቸው

እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 2013 ራንዳል መንሮ «ኤክስኬሲዲ» በተባለው የድረ ገጽ ኮሚኩ «ታይም» የሚል ርእስ የሰጠውን 1190ኛ ሥራውን አወጣ። በቀጭን መስመር የተሣሉ ወንድና ሴት ባሕር ዳር ተቀምጠዋል፤ ሌላ ነገር የለም። ሥዕሉ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ በሌላ እየተተካ እስከ ጁላይ 26 ዘለቀ። በጠቅላላው 3,099 ፍሬም ሆነ። አራት ወር የፈጀውን ታሪክ ዛሬ በሴኮንድ አንድ ፍሬም እያየ የሚያልፍ ሰው ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሰዋል። እኔ ግን ሁለቱ ንባቦች የሚለያዩት በፍጥነት ብቻ አይመስለኝም፤ በጥበቃው ሰዓት አንባቢዎች እርስ በርሳቸው የተጨዋወቱት የንባቡ አካል ነበርና።

ኮሚኩ ተራኪ የለውም፤ ንግግሩም ቁጥብ ነው። ሰዎቹ ረጅም ሰዓት ዝም ብለው የአሸዋ ግንብ ይሠራሉ። ባሕሩ ቀስ እያለ ይጠጋቸዋል። ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ ምክንያቱን ፍለጋ ግንባቸውን ትተው ይሄዳሉ። አንባቢውም ከእነሱ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም። የሥራው ትልቁ ብልሃት ይህ እኩል አለማወቅ ነው። ልብ ወለድ ስናነብ መልሱ ከፊታችን ባሉት ገጾች መኖሩን እናውቃለን፤ ትዕግሥት ያለቀበት ወደ መጨረሻው ይገልጣል። እዚህ የሚገለጥ ገጽ አልነበረም። ያለፈውን ፍሬም ከአዲሱ እያስተያዩ መገመት፣ ግምትንም ለሌላው ነግሮ መከራከር ብቻ ነበር የቀረው። የውኃው መስመር ከፍ ማለቱን በአንድ ፍሬም ማየት አይቻልም፤ ብዙ ፍሬሞችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ግን ያየዋል። አንባቢዎቹ ጊዜን ራሱ በፍሬም መቁጠር ጀመሩ።

ታሪኩ ውስጥ ሲመሽ ጨዋታው መልኩን ለወጠ። ሰማዩ በከዋክብት ተሞላ፤ አንባቢዎችም አቀማመጣቸውን ከዘመናችን ሰማይ ጋር አስተያይተው ዘመኑ ከእኛ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ወደፊት መሆኑን ደረሱበት። ቀዩ ኮከብ አንታሬስ ከቦታው መጥፋቱም ተስተዋለ። የታሪኩ ስፍራ የደረቀው የሜዲትራኒያን ተፋሰስ ነው፤ የአትላንቲክ ውኃ እንደገና እየገባበት ነው። ምድር ይህን የመሰለ ጎርፍ ከ5.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አስተናግዳለች፤ መንሮ ያለፈውን ወስዶ ወደፊት ተከለው።

በዚህ ጨዋታ ላይ ቅሬታም አለኝ። ፍንጭ ፍለጋ ሲበረታ ኮሚኩ የፈተና ወረቀት ይመስላል። ተጓዦቹ የሚያገኟቸው ሰዎች የሚናገሩት ለኮሚኩ ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ መንሮ የሥነ ልሳን ባለሙያ አማክሮበታል፤ አንባቢዎችም እንደ ምስጢር ጽሑፍ ሊፈቱት ታገሉ። ግን የሰው ቋንቋ ሳይገባህ አገርህ ሊሰጥም መሆኑን ከፊቱ ለማንበብ መሞከር ፈቺ የሚያስፈልገው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ተጓዦች ወገኖቻቸውን ለማትረፍ የሚመለሱበትን ክፍልም በኮከብ ስሌት ማንበብ አይቻልም። ደራሲው ራሱ ለፈቺዎቹ ፍንጭ ስላስቀመጠላቸው ግን ጥፋቱን ለአንባቢ ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞም ወሬው ሁሉ ምርምር አልነበረም፤ ብዙው ቀልድ ነበር፣ ጥበቃን እንደ አምልኮ እስከማስመሰል የደረሰ።

እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 የወጣው የአንድሩ ሃሲ የድረ ገጽ ኮሚክ «ሆምስታክ» እዚህ ላይ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ሃሲ በመጀመሪያው ዘመን አንባቢዎች የሚያቀርቧቸውን ትእዛዞች ለገጸ ባሕርያቱ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ አሠራሩን ተወው። የዚያ ኮሚክ አንባቢ ታሪኩን ሊያጣምመው ይችል ነበር። የ«ታይም» አንባቢ ግን ምንም ቢናገር ባሕሩ አይመለስለትም። ይህ አቅመ ቢስነት ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ይበልጥ ያቀራርበዋል፤ እነሱም ማየትና መገመት እንጂ ውኃውን ማቆም አይችሉም።

«ታይም» እ.ኤ.አ. በ2014 በምርጥ የሥዕል ታሪክ ዘርፍ የሂዩጎ ሽልማትን አገኘ። በዚያን ጊዜ መጨረሻው ታውቋል፤ ፍሬሞቹም ተሰብስበው በአንድ መቀመጫ የሚታዩ ሆነዋል። የመራጮቹን ፍርድ አልነቅፍም፤ የተሸለመው ግን መልሱ የተገኘለት ታሪክ ነው። ስለ ኮሚኩ የሚጻፍ ጥናት በፍሬሞቹ ብቻ ከቆመ፣ ባሕሩ ለምን እንደሚነሣ ማንም ባላወቀባቸው ሳምንታት የተሰነዘሩትን የተሳሳቱ ግምቶች ይጥላቸዋል። ከገጸ ባሕርያቱ ሁኔታ ጋር የሚመሳሰሉት ደግሞ እነዚያ ግምቶች ናቸው።