ጨዋ እና ጠይብ፦ በምስጋና ውስጥ ስላደረ ስድብ

ስለ ዘርና ስለ ልደት የሚነገሩ ቃላት በሥነ ጽሑፍ ኂስ ሲነሡ ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በስድቡ ላይ ነው። «ባሪያ»፣ «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» የሚሉት ቃላት በየትኛው ገጽ፣ በማን አፍ እንደ ተነገሩ ይመረመራል፤ ደራሲውም በዚያው ይመሰገናል ወይም ይወቀሳል። ይህ አካሄድ የሚያደርሰን ግማሽ መንገድ ብቻ መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ። የልደት ደረጃ ከስድብ ይልቅ በምስጋና ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል ባይ ነኝ። ለማስረጃ የምወስዳቸው «ጠይብ» እና «ጨዋ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲሆን፣ የምነሣበትም አገር ያደግሁበት የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው።

«ጠይብ» የግእዙ «ጠቢብ» ልጅ ነው። በስብከት «ጠቢብ» ሲባል ሰሎሞን ይታሰባል። ያው ቃል ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወጥቶ ገበያ ሲወርድ ግን ብረት የሚቀጠቅጠው ወይም ሸክላ የምትሠራው ሰው መጠሪያ ይሆናል፤ አልፎ ተርፎም «ሰው ይበላል» የሚል ጥርጣሬ ይሸከማል። በልጅነቴ በገበያ ቀን እንደ ታዘብሁት፣ ገበሬው ማረሻውን ለማሠራት ከባለሙያው ፊት ሲቆም አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። ነገር ግን ባለሙያው በዕድሜ ቢበልጠውም «አያ» ብሎ አይጠራውም፤ «አንቱ» አይለውም። ዘወር ሲል ደግሞ «ጠይቡ» ይለዋል። እንግዲህ ስድቡ በአፍ የሚወጣው ባለቤቱ በሌለበት ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆኑ ምልክቱ የአክብሮት ቃል መጉደል ነው። ተማሪዎቻችን የልቦለድን ምልልስ ሲተነትኑ የተነገረውን ብቻ ሳይሆን ሊነገር ሲገባው የቀረውን አንቱታ ጭምር መፈለግ ያለባቸው ለዚህ ነው።

«ጨዋ» ቢያንስ ሦስት ፍች አለው። አንደኛው፣ ከባሪያና ዝቅ ተደርጎ ከሚታይ ልደት ተቃራኒ የሆነ፣ አጥንቱ የሚቆጠርለት ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ሥርዐት ዐዋቂና ቁጥብ ማለት ነው። ሦስተኛው፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያልተማረ ማለት ነው። ጋይንት ሦስቱም ፍቾች ጎን ለጎን የሚሰሙበት አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተልሔም፣ ወይም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በሆነችው በዙር አምባ፣ «ጨዋ» የሚለው ቃል በጉባኤ ቤት ሲነገር ትንሽ ንቀት አያጣውም። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ መንደር ሲወርድ ግን ቃሉ ተገልብጦ ክብር ይሆናል። በዚያም ሁለተኛው ፍች ከአንደኛው ጋር ተጣብቆ ይነገራል፤ እንግዳ ሲመጣ ተነሥቶ ቦታ የሚለቅ ልጅ «የጨዋ ልጅ» ይባላል። የታየው የልጁ ጠባይ ሲሆን የሚመሰገነው የወላጆቹ ዘር ነው።

ይህ የእኛ ቋንቋ ጉድለት ብቻ አይደለም። ዛሬ «ደግ» ማለት የሆነው የፈረንሳይኛው «ዣንቲ» ጥንት ከጥሩ ቤተ ሰብ የተወለደ ማለት ነበር። በእንግሊዝኛ የክፉ ገጸ ባሕርይ መጠሪያ የሆነው «ቪለን»ም መነሻው የጌታን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው።

ጉዳዩን ከቃላት ጥናትነት አልፎ እንዳየው ያደረገኝ የራሴ ስሕተት ነው። አንድ የስማዳ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞ ቢሮዬ ገባ፤ የያዝሁትን እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። «ተቀመጥ እንጂ፤ የጨዋ ልጅ!» አልሁት። ተቀመጠ። ረቂቁን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም። ጥቂት ቆይቶ፣ «መምህር፣ አባቴ ብረት ሠሪ ነው» አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሰድቤው ቢሆን ኖሮ ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ባላጣሁ ነበር። ያመሰገንሁት ግን አባቱ ሊገባበት በማይችል ቃል ነበር።

ስድብን ለመከልከል በአገራችን ተሞክሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሥራው የሚሰድበውን ሰው በዐዋጅ ገሥጸዋል። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በሕግ ተሽሯል። ዐዋጅ የስድብን ቃል ሊያስቀጣ ይችላል፤ «የጨዋ ልጅ» የሚለውን ምስጋና ግን ሊደርስበት አይችልም። እዚያ ሊደርስ የሚችለው ኂስ ነው።

ይህን በተግባር ለማየት ከእስቴና ከስማዳ ዐባይን ተሻግረን ወደ ጎጃም፣ ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንሂድ። በዛብህ በጉባኤ ቤቱ ፍች «ጨዋ» አይደለም፤ የተማረ ነው። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ፍችም «ጨዋ» አይደለም፤ ለሰብለ ወንጌል የሚበቃ ዘር የለውም። በአንዱ ቤት «ጨዋ» አለመሆኑ ከፍ ያደረገው ሰው በሌላው ቤት በዚያው ይወድቃል። የልደትን ሥርዐት የሚነቅፈው የፊታውራሪው ዘመድ ካሣ ደግሞ «ጉዱ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። ዘሩን ማንም አልካደውም፤ የተነፈገው ሁለተኛው ጨዋነት፣ ማለትም ሥርዐት ዐዋቂ መባል ነው። ከዚህ የምንረዳው «ጨዋነት» የልደትን ደረጃ ላለመንካት የሚከፈል ዋጋ መሆኑን ነው። ልቦለዱን ብዙ ጊዜ ያስተማርሁት እንደ ፍቅር ታሪክና እንደ ባላባት ሥርዐት ኂስ ነው፤ አሁን ግን የመሞጋገሻ ቃላትን እየተከተልን እንድናነበው እጠይቃለሁ።

ይሁን እንጂ የዚህ ታላቅ ሥራ የልደት ግድግዳ የተፈተነው በባላባት ልጅና በድኻ ልጅ መካከል ነው፤ በገበሬውና በጠይቡ መካከል ያለው ግድግዳ በታሪኩ መሐል አልቆመም። በብዙዎቹ ልቦለዶቻችን ማረሻው ያርሳል፤ እንስራው ውኃ ይቀዳል፤ የሠሯቸው እጆች ግን ባለታሪክ አይሆኑም። ለዘመናችን ደራሲ የተረፈው ሥራ ይህ ይመስለኛል። «ጠይብ» የሚለውን ቃል ከገጹ መፋቅ ብቻውን አይበቃም፤ ባለሙያው «አያ» እየተባለ የሚጠራበት፣ እሱም ስለ ገበሬው የሚያስበውን የሚናገርበት ምልልስ መጻፍ ያስፈልጋል።

ተማሪው ረቂቁን በማግሥቱ አመጣልኝ። በመጨረሻው የቃላት መፍቻ «ጠይብ» የሚለውን ቃል አስገብቶት ነበር፤ ፍቹንም «ማረሻ የሚሠራ ሰው» ብሎ ጽፎታል። እኔ በኅዳጉ ላይ «ሰዎች የሚሰጡት ትርጉምም ይጨመር» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። እሱ ያንን ትርጉም ከእኔ ይበልጥ እንደሚያውቀው ትዝ ሲለኝ፣ እንዳለ ተውሁት።