የሚጨፍሩት ባሮች

ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራውን «ጁፒተርስ ዳርሊንግ» የተሰኘ የዘፈን ፊልም ያየ ሰው፣ ኤስተር ዊሊያምስ ውሃ ውስጥ በሐውልቶች መካከል ስትዋኝና ቀለም የተቀቡ ዝሆኖች ሲሰለፉ ያስታውሳል። ታሪኩ የካርቴጁ የጦር አለቃ ሃኒባል ነው። አሚቲስ የምትባል ሮማዊት፣ ያውም ለሮማው መሪ ለፋቢዩስ የታጨች፣ ወደ ሰፈሩ ሄዳ ልቡን ትማርከዋለች፤ እርሱም ሮማን ትቶ እርሷን ይዞ ይሄዳል።

እውነቱ ሌላ ነው። ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ211 ሃኒባል ሮማ ደጃፍ የደረሰው የተከበበችውን ካፑዋን ለማስጣል ነበር፤ አልሆነለትምና ተመለሰ። በዚህ ግን ብዙ አልከራከርም። ፊልሙ ራሱ ቀልድ መሆኑን አይደብቅም።

እኔን ያሳሰበኝ የባሮቹ ነገር ነው። ሜታና ቫሪየስ የተባሉትን ሁለት ባሮች የሚጫወቱት ማርጅና ጋወር ቻምፒየን ናቸው። ባልና ሚስት ነበሩ፤ በሙያቸው የተካኑ መሆናቸውንም አልክድም። ታዲያ ቫሪየስ በባርነቱ የተደሰተ ሰው ሆኖ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል። ተመልካችም አብሮ ይስቃል። ሰው እንደ ከብት በሚሸጥበት አገር ምን የሚያስቅ ነገር ተገኘ?

በዚያው ጦርነት የነበሩትን እውነተኛ ባሮች እንመልከት። ሮማውያን በ216 ካኔ ላይ ክፉኛ ተሸንፈው ወታደር ሲያጡ፣ መንግሥት 8,000 ባሮችን ገዝቶ አስታጠቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቤኔቬንቱም አዛዣቸው ግራኩስ የጠላት ራስ ቆርጦ ያመጣ ሁሉ ነፃ እንደሚወጣ ቃል ገባላቸው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪ እንደሚተርከው፣ ባሮቹ ራስ በመቁረጥ ተጠመዱ፤ አንድ እጃቸው የቆረጡትን ራስ ስለያዘ መዋጋት አቃታቸው። አዛዡ ራሱን ጣሉና ተዋጉ ብሎ ሊያዝ ግድ ሆነበት። ነፃነትን እንዲህ አድርገው ይፈልጓት ነበር!

እኛ ደግሞ ቢላልን (ረ.ዐ) እናውቃለን። በመካ የጋለ አሸዋ ላይ አስተኝተው ደረቱ ላይ ቋጥኝ ጫኑበት፤ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ እስኪያወጡት ድረስ። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱል በለድ ስለ አስቸጋሪው አቀበት ሲነግረን አስቀድሞ ያነሳው ባሪያን ነፃ ማውጣትን ነው።

ፊልሙን ከልጆቻችሁ ጋር የምታዩ ከሆነ፣ የቫሪየስ ዘፈን ጋ ስትደርሱ አቁሙትና ስለ ቤኔቬንቱም ባሮች ንገሯቸው። ከዚያ ቢፈልጉ ዝሆኖቹን ይዩ።