ያልታሰበው ተማሪ፦ ስለ ኤች.አይ.ቪ. የሚሰጠው ትምህርት ከአቦቦ አኳያ ሲመረመር

በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ኤች.አይ.ቪ. የሚሰጠው ትምህርት፣ ከፀረ-ኤድስ ክበባት መቋቋም ጀምሮ ያልለቀቀው አንድ እምነት አለ። ይኸውም በክፍሉ የተቀመጠው ተማሪ ሁሉ ከቫይረሱ ነፃ ነው፣ የመምህሩም ተግባር ነፃ ሆኖ እንዲቆይ ማስጠንቀቅ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህ እምነት በሌላ ሥፍራ ሳይጠየቅ ያልፍ ይሆናል፤ በጋምቤላ ክልል ግን ሊያልፍ አይገባውም።

በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ-ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት የክልሉ ነዋሪዎች 6.5 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ይገኝ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 1.5 በመቶ ነው። በ2008 ዓ.ም. የክልሉ ወደ 4.8፣ የአገሪቱ ወደ 0.9 ወርዷል። መቀነሱ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ከአገሪቱ አማካይ ጋር ሲነጻጸር፣ ቀድሞ አራት እጥፍ ያህል የነበረው ልዩነት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኗል። በተጨማሪም ሠንጠረዡ የሚጀምረው ከ15 ዓመት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጕርምስናን የሚቆጥረው ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው። ዕቅድ አውጪው በዚህ ሠንጠረዥ ብቻ ከተመራ የጕርምስናውን እኩሌታ አያየውም።

ያ እኩሌታ ደግሞ የሚበዛው ከቫይረሱ ጋር በተወለዱት ዘንድ ነው። መድኃኒቱ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት በመጀመሩ፣ ቀድሞ በሕፃንነታቸው ይቀጠፉ የነበሩ ልጆች አድገው ለትምህርት በቅተዋል። በአልዌሮ ወንዝ አካባቢ በምትገኘው አቦቦ፣ የአኝዋክ ልጆችና በ1970ዎቹ በሠፈራ የመጡት ቤተሰቦች ልጆች አብረው ይማራሉ። ወባ በሚበረታበት በዚህ ቆላ፣ በሽታን የመከላከል ኃይሉ የተዳከመ፣ ከእኩዮቹም በቁመት ያነሰ ልጅ ምን ያህል እንደሚቸገር መገመት አያዳግትም።

ከአካሉ ይልቅ ችላ የተባለው መንፈሱ ነው። የመተላለፊያ መንገዶች ሲዘረዘሩ ልቅ ግንኙነት በቅድሚያ ይነሣል፤ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉ በመጨረሻ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀሳል። ይህን የሚሰማው ልጅ በእናቱ ላይ ምን ፍርድ እንደሚሰጥ ማን ጠየቀ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ሁኔታቸው እንዲነገራቸው አሳስቧል። ብዙ ወላጆችና አሳዳጊዎች ግን ይሰውራሉ። ስለሆነም የሚውጠው ክኒን ለሌላ ሕመም ነው የተባለ ልጅ፣ እውነቱን ከባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ሊረዳው ይችላል። እንግዲህ መምህሩ ሳያውቀው መርዶ ነጋሪ ሆነ ማለት ነው።

በየግድግዳው የሚሳለው የራስ ቅል መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የተፀነሰ በመሆኑ በዚያ ዘመን አይወቀስም። ዛሬ ግን መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ ታውቋል። ይህን መናገር ጥንቃቄን ያላላል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይህን ሐሳብ አልቀበለውም፤ ሞትን ብቻ የተማረ ወጣት ለመመርመር አይነሣምና።

ይህ ሁሉ ታማሚው ተማሪ ተለይቶ ይታወቅ ማለት እንዳልሆነ ይጤን፤ ሁሉም በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ መለየት ማጋለጥ ነው። ርእሰ መምህሩ የሕመሙን ዓይነት ሳይጠይቅ የጤና ጣቢያ ቀጠሮን እንደ በቂ ምክንያት ቢቀበልና ቀሪ ባያስቆጥር፣ የሚያስፈልገው በጀት ምንም ነው። የመማሪያ መጽሐፉ እርማት ግን ጊዜ ይጠይቃል። በተለይ በአኝዋክ ቋንቋ ለሚማሩት ዝቅተኛ ክፍሎች በሚዘጋጀው ጽሑፍ፣ «በሽተኛ» ለማለትና «ቫይረሱ በደሙ የሚገኝ» ለማለት የሚውሉት ቃላት እንዲለያዩ፣ ሥራው ከአማርኛ በመተርጐም ሳይሆን ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር በመምከር መጀመር ይኖርበታል።