ፓሪስ ያለችው ጎንደር

ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ወሬው መቼም አንድ ዓይነት ነው። ስለ ባቡሩ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ጥቂት ያወራላችሁና ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል። «እንደው መንገድ ላይ ስሄድ ምን ባገኝ ጥሩ ነው?» ይላል። እንጀራ ነው ያገኘው። ወይም በአንዲት ሱቅ መስኮት ላይ በፊደላችን «በርበሬ ገብቷል» የሚል ወረቀት፤ ወይም ታክሲ ውስጥ የጥላሁንን ድምፅ። ዋሽንግተን የሄደው ስለ ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ብዛት ያወጋል። ሎስ አንጀለስ የሄደው፣ ከተማው በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ስለሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና፤ ኢየሩሳሌም የተሳለመው ስለ «ኢትዮጵያ ጎዳና»። ሮም የሄደ የጎንደር ሰው ደግሞ ነገሩ ይዞርበታል። እዚያ የሚያያቸው የ1930ዎቹ ሕንፃዎች የኛ ፒያሳ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ወንድሞች ናቸውና «ጎንደርን አገኘኋት» ብሎ ይደሰታል። ጣሊያን በአምስት ዓመት ቆይታው የራሱን ከተማ አምጥቶ እኛ ዘንድ እንደተከለ የሚያስታውሰው ትንሽ ቆይቶ ነው።

ይህን ወሬ የምንቅ እንዳይመስላችሁ። በሰው አገር የአገሩን ነገር ሲያይ ልቡ የማይዘል ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ግን ወሬያችን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ «ይሄ ነገር እንዴት እዚህ ደረሰ?» አይልም። የእንጀራውስ መልሱ ቀላል ነው፤ ስደተኛው ይዞት ሄደ። እንጀራ ያልሆነውን ስናገኝም ግን ያው ነን። ፎቶ እንነሳለን፣ ለዘመድ እንልካለን፣ «አገሬ!» እንላለን፤ አለቀ።

እኔ የቀሐ ልጅ ነኝ። ጎንደርን ለማያውቅ፦ ከተማችን በሁለት ወንዝ መካከል ያለች ናት፤ ባንድ ወገን አንገረብ፣ ባንድ ወገን ቀሐ። ለጥምቀት የፋሲልን መጠመቂያ የሚሞላው የቀሐ ውኃ ነው። የሠፈራችን ልጅ ታቦት ሲወጣና ሲገባ እያየ ስለሚያድግ የሥዕል ፈረስ ከእውነተኛው ፈረስ እኩል ይቀርበዋል። ነጩ የጊዮርጊስ፣ ጥቁሩ የመርቆሬዎስ መሆኑን ፊደል ሳይቆጥር ያውቃል።

እናላችሁ፣ ፓሪስ ውስጥ የምትኖር የአክስቴ ልጅ «ና ጎንደርን ላሳይህ» ብላ ወሰደችኝ። እኔ መቼስ ምግብ ቤት መስሎኛል። ያደረሰችኝ ከኤፍል ማማ ብዙም ሳይርቅ፣ ሴን ወንዝ ዳር ካለው የኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ከአፍሪካ ክፍል ደረስንና አንዷ ጥግ ውስጥ ገባን። በስመአብ! የመቅደስ ግድግዳ ነው። ሰማዕታቱ በፈረሶቻቸው ላይ ናቸው፤ ያው ቀይ፣ ያው ቢጫ፣ ያው ዓይን። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ናቸው፤ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ17ኛው መቶ ዘመን ካሠሩት፣ ከጎንደሩ አባ እንጦንስ። ፓሪስ የተወለደችው የአክስቴ ልጅ ልጅ እጄን ይዛ «አጎቴ፣ ለምንድን ነው ሁሉም ወደኛ የሚያዩት?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቅዱስ ሲሣል ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ፊቱን ወደ ምእመኑ መልሶ ነው የሚቆመው፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው አልኳት። እሷም ወዲያው አንድ ዓይናውን ፍለጋ ገባች።

እንግዲህ የዚህ ግድግዳ መንገድ እንዲህ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ የሚሄድ የጥናት ቡድን ከፈረንሳይ ተነሣ። መሪው ማርሴል ግሪዮል ከዚያ ቀደምም አገራችንን ያየ ሰው ነው። ገንዘቡ ከፈረንሳይ መንግሥት ተመደበለት፤ የጎደለውን ለማሟላት ከተደረገው ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የቡጢው ነገር ነው። አል ብራውን የተባለው የፓናማ ጥቁር ቡጢኛ፣ የዓለም ሻምፒዮን፣ ለቡድኑ ገቢ ማሰባሰቢያ ፓሪስ ውስጥ ተጋጥሟል። ከአፍሪካ ዕቃ ለማምጣት የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው ቡጢ ቀመሰ፣ እግዜር ያሳያችሁ! ቡድኑ በ1924 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጎንደር ደረሰ፣ በጣሊያን ቆንስላ ግቢ ሰፈረ፣ እስከ ኅዳር 1925 ቆየ።

የአባ እንጦንስ ሥዕል በጎንደር ልማድ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሸማ ይለጠፋል፣ ሥዕሉ የሚያርፈው ሸማው ላይ ነው። የተለጠፈ ነገር ደግሞ ይላጣል። ከደብሩ ሰዎች ጋር ስምምነት ተደረገ፦ ፈረንሳዮቹ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ያስጠግናሉ፣ ጋስቶን ልዊ ሩ የተባለው ሠዓሊያቸው የሥዕሎቹን ቅጂ ሠርቶ ይለጥፋል፣ ዋናዎቹን ይወስዳሉ። ተላጠው፣ ተጠቅልለው ሄዱ። በኋላ የጎንደር ሹማምንት ነገሩን አንስተው ብዙ ንትርክ ነበር፤ ግን ሄዱ። በ1933 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ታዩ፤ ከሙዚየም ሙዚየም ሲዘዋወሩ ኖረው በ2006 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በዚህ ሙዚየም ተቀመጡ።

ታሪኩን በቀላሉ «ዘረፋ» ብሎ ለመዝጋት የሚያስቸግረው ይኸው ስምምነት ነው። የመቅደላው ጉዳይ ግልጽ ነው፤ ጦር መጣ፣ ወሰደ። በዚሁ ጉዞ ዛሬ ማሊ በምትባለው አገር መንደሮች ውስጥ የሆነውም ግልጽ ነው፤ የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የተቀደሰ ዕቃ እንዴት በማስፈራራትና በስርቆት እንደወሰዱ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ማስታወሻው ሳይደብቅ ጽፎታል። እዚያ አገሩ የነሱ ቅኝ ነበር። ኢትዮጵያ ነጻ አገር ስለነበረች እዚህ መደራደር ነበረባቸው። ተደራደሩም። የሚያፈስ ጣራ ያለው ደብርና ገንዘብ ያለው እንግዳ ሲደራደሩ ማን ምን ይዞ እንደሚነሣ ግን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ዝናብ የሚገባበት መቅደስ ውስጥ የሚቀድስ ካህን ጣራ ቢያስቀድም አልፈርድበትም። የምፈርደው፣ ጣራ መጠገን የግድግዳ ዋጋ ነው ብሎ በተስማማው ባለገንዘብ ላይ ነው። ጣራን ለጽድቅ የሚያስጠግን ሰው ሞልቶ፣ ግድግዳውን በምላሹ የሚጠይቅ ከየት ይመጣል?

«ባይወስዱት ኖሮ ይጠፋ ነበር» የሚል መልስ አለ። ከፈረንጅ ብቻ አይደለም፣ ከራሳችን ሰው አፍ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሙዚየሙ ውስጥ እንኳ ፎቶ እያነሳ የነበረ አንድ ያገራችን ሰው «ተመስገን ነው፣ እኛ ጋ ቢሆን አይጥ በልቶት ነበር» ብሎኛል። እስቲ በዘመን እናስበው። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ተቃጠለች። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ መጥቶ አብዛኞቹን አድባራት አነደዳቸው። የአባ እንጦንስ ሸማ ይህን ሁሉ እሳት አልፎ 1924 ደርሷል። ሁለት ቃጠሎ ያለፈን ግድግዳ ከአይጥ አዳንነው ማለት ትንሽ አያሳፍርም? በእርግጥ እርጥበቱ ይጎዳው ነበር፤ ለእርጥበት መድኃኒቱ ደግሞ ያው ጣራው ነበረ፣ ጣራው ደግሞ ተጠገነ።

ወገኖቼን ቅር የሚያሰኝ ነገር ግን ልጨምር። በለንደን ያሉትን የብራና መጻሕፍት አንስተን እንግሊዝን ስንረግም የመጀመሪያውን ጉዞ እንዘላለን። እነዚያ መጻሕፍት በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ተማረኩ፤ በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ተጫኑ ይባላል፤ 350 ያህሉ ወደ እንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። መቅደላስ እንዴት ደረሱ? ብዙዎቹን ከጎንደር አድባራት ያጋዟቸው ራሳቸው ቴዎድሮስ ናቸው፤ መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት መድኃኔ ዓለም ብለው። የእንግሊዝን ጥፋት አይቀንሰውም። ጎንደሬ ግን ለንደን ቆሞ ሲያነባ የሁለት ነጣቂ ዕቃ ላይ ነው የሚያነባው፤ አንዱ የኛው ነው፣ የምንወደው ነው።

ወደ ፓሪስ ልመለስ። እዚያ ያለችው ጎንደር ግድግዳው ብቻ አይደለም። ቡድኑ ከኢትዮጵያ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትና ክታቦች ወስዷል፤ ያሉት በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሌሪስ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የጎንደርን ዛር ሲያጠና ከርሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣበት። ማስታወሻው በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አንብቤዋለሁ፤ ትልቅ መጽሐፍ ነው፣ ሰውየው በራሱ ላይ ጨካኝ ነው፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። የሴቶቹ ጠብ፣ የቡናው ሥርዓት፣ ግዳዩ፣ ሐሜቱ፣ ክረምቱ የያዘው ጭቃ፣ ሁሉ አለ። የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ያልጻፈልንን ያን ተራ ሕይወት የጻፈው አንድ ፈረንሳዊ ነው። ግን አንድ ነገር ሳነብ ይቆረቁረኛል፤ ሰውየው በዓሉን ለማየት ሲል መሥዋዕቱን እየገዛ ያቀርብ ነበር። ያኔ ያየው የጎንደርን ዛር ነው ወይስ ለፈረንጅ የተደገሰን ዛር? እሱም ራሱ ተጠራጥሯል፤ ጥርጣሬው ነው መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው። የኛ ሰው ይህን መጽሐፍ በአማርኛ ሊያነበው ይገባው ነበር። ጎንደር ላይ ስለ ጎንደር ዛር የሚያወራ ሁሉ ከሰው ሰማሁ ነው የሚለው፤ የተጻፈው ሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ ነው።

የ1924ቱ ድርድር ያለፈ ነገር ይመስላችኋል? ዛሬም አለ እኮ። ደብሩ ችግር አለበት፣ «የሚያድሰው» ይመጣል። የድሮው ሥዕል ደብዝዟል ተብሎ በሚያብረቀርቅ ቀለም ይሸፈናል፣ ወይም የታተመ ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ይሰቀልበታል፤ ለጥገናው ገንዘብ የሰጠ ሰው ስሙ ግድግዳው ላይ ይጻፋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራው ላይ ያሉት መላእክት በዓለም ስለታወቁ ይጠበቃሉ፤ በወገራና በደምቢያ ገጠር ያለውን ደብር ማን ያየዋል? እዚህ ግሪዮል የለም። ተላጥቶም ፓሪስ አይሄድም፤ ቀለም በላዩ ይፈስበታል፣ በቃ። አንዳንዴ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ፓሪስ ያለውስ ቢያንስ ይታያል እላለሁ። ግን ምን ሆኖ ነው የሚታየው? ጎንደር ሳለ ጫማህን አውልቀህ፣ ጾመህ፣ መጋረጃው ሲገለጥ ከቅድስት ሆነህ በጭላንጭል ነበር የምታየው። እዚህ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ አፍንጫው ሥር ይቀርበዋል፤ ያንተን ያህል ያያል፣ ካንተም ይበልጥ ያያል። ዕጣኑ የለም፣ የሚሳለመውም የለም። ሥዕል ሆነ ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ልጅ ልትሳለመው ፈልጋ እናቷ «እዚህ አይነካም» አለቻት፤ ልክ ናት፣ ሙዚየም ነው።

ይመለስ ወይ? የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን በ2017 እ.ኤ.አ. ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ቅርስ እንዲመለስ እፈልጋለሁ አሉ፤ በዓመቱ ሴኔጋላዊው ፌልዊን ሳርና ፈረንሳዊቷ ቤኔዲክት ሳቯ ጥናታቸውን አቀረቡ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ለቤኒን 26 ዕቃዎች ተመለሱ። ለነዚያ 26 ዕቃዎች ልዩ ሕግ ማውጣት አስፈልጓል። ሙዚየሙ ራሱም በ2025 እ.ኤ.አ. የዳካር ጅቡቲውን ጉዞ እንደገና የሚመረምር ትልቅ ኤግዚቢሽን ከአፍሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አሳይቷል። እንግዲህ በሩ ያንኳኩ ይመስላል። የአክሱም ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. ከሮም ሲመለስ አገር ሁሉ ወጥቶ ተቀብሎታል፤ ሐውልት ግን ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ዝናብም አይፈራም። ሸማ ላይ ያለ ሥዕል እንዲህ አይደለም። ወደ ግድግዳው ይመለስ? ለሱ የተዘጋጀ ሙዚየም ጎንደር ላይ ይሠራለት? ያኔም ጎንደር ውስጥ ሆኖ «እዚህ አይነካም» ሊባል ነው።

እኔ መመለሱን እደግፋለሁ፤ ግን ከመመለሱ በፊት የሚሆን፣ ማንም ሕግ የማይጠየቅበት አንድ ነገር አለ። ከአባ እንጦንስ ደብር ሁለት ካህናትና አንድ የጎንደር ሠዓሊ ይሂዱና ይዩት። ፈረንሳዮቹ በሥዕሎቹ ላይ መጽሐፍ ጽፈዋል፣ ሸማውንና ቀለሙን መርምረዋል፤ የትኛው ሰማዕት ከየትኛው በር ትይዩ እንደሚቆምና በየትኛው በዓል ምን እንደሚዜምለት ግን የሚነግራቸው ካህኑ ነው። ሠዓሊው ደግሞ ይለካው፣ ይቅዳው፤ በዚህ ጊዜ ቅጂውን የሚሠራው የኛ ሰው ይሁን። ሀገረ ስብከቱ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የቅርስ ባለሥልጣን ተነጋግረው አንድ ደብዳቤ መጻፍ አያቅታቸውም። የአውሮፕላኑን ትኬት ፓሪስ ያለው የጎንደር ልጅ ያዋጣል፤ የአክስቴ ልጅ ከወዲሁ ቃል ገብታለች። የቀረው ቪዛው ነው።